የ1978–1989 ፖርሽ 911፦ ከመግዛት በፊት ሁኔታውንና ዋጋውን እንዴት መመዘን ይቻላል

ፖርሽ 911 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ በራዲያተር ውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት እየቀዘቀዘ የዘለቀው ይህ መኪና ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሌሎች የክላሲክ ስፖርት መኪኖች ዋጋቸው የሚነጻጸርበት መኪና ሆኗል። ከትውልዶቹ መካከል ለጀማሪ ገዢ የሚስማሙት በእኔ ግምት ሁለት ናቸው፦ ከ1978 እስከ 1983 የተመረተው ባለ 3.0 ሊትሩ 911 ኤስ ሲ፣ እና ከ1984 እስከ 1989 የተመረተው ባለ 3.2 ሊትሩ ካሬራ። ከእነዚህ በፊት ከ1974 እስከ 1977 የወጡት ባለ 2.7 ሊትሮች የሞተራቸው አካል ከማግኒዥየም የተሠራ ስለሆነ፣ ሙቀት ሲበዛ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) የያዙት ብሎኖች ክራቸውን እየላጡ የሚነቀሉባቸው ናቸው። ከእነዚህ በኋላ የመጡት ደግሞ በጠቅላላው ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ ጥገናቸውም የተወሳሰበ ነው።

ስለ ሁለቱ ሞዴሎች አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ብርቅ አለመሆናቸው ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ከ120 ሺህ በላይ ተመርተዋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ ድረስ በመንገድ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሻጩ እንዲህ ያለው መኪና ዳግመኛ እንደማይገኝ ሲምልና ሲገዘት መቸኮል አያስፈልግም፤ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ይወጣል። ገዢ እዚህ ገበያ ውስጥ የሚከፍለው ለመኪናው ሁኔታ ነው፤ ሁኔታ ስንልም በቅድሚያ የላሜራውን ጤንነት፣ ቀጥሎ ታሪኩን የሚያስረዱ ሰነዶችን፣ ከዚያም ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለመቆየቱን፣ በመጨረሻም ሞተሩንና ካምቢዮውን ማለታችን ነው። ሞተር በዚህ ቅደም ተከተል ከኋላ መሰለፉ ሊያስገርም ይችላል። ይሁን እንጂ የሞተር ዕድሳት ምንም ያህል ውድ ቢሆን ዋጋው ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል፣ በገንዘብ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ወይም ከሥር የበሰበሰ አካል ግን ከተጠገነም በኋላ የመኪናውን ዋጋ ለዘለቄታው ዝቅ አድርጎት ይኖራል።

ከመኪናው በፊት ወረቀቱ

ብዙ ሰው መጀመሪያ መኪናውን አይቶ፣ ልቡ ከተማረከ በኋላ ወረቀት ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል። ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶግራፍ እንዲልክ ነው። ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ባለው የፊት መስታወት ምሰሶ ላይ፣ ከፊት ክዳኑ ሥር በላሜራው ላይ ተመትቶ፣ እንዲሁም በበሩ ጉበን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። ሦስቱም አንድ ካልሆኑ፣ ወይም በላሜራው ላይ በተመታው ቁጥር ዙሪያ የብየዳና የሞረድ ምልክት ካለ፣ ነገሩን እዚያው ማቆም ይሻላል። የበሩ ላይ ወረቀት መጥፋት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ጉበኑ እንደተጠገነ ወይም እንደገና ቀለም እንደተቀባ ግን ይጠቁማል።

ከ1981 ጀምሮ የተመረቱት 17 ምልክቶች ያሉት ቁጥር ሲኖራቸው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ኤስ ሲዎች ቁጥራቸው አጭር ነው። ይህ ልዩነት በተግባር ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚሸጡት የመኪና ታሪክ ዘገባዎች የሚሠሩት በ17 ምልክት ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ የ1978 ወይም የ1979 መኪና የሚገዛ ሰው ከባለቤቶቹ እጅ በሚገኝ ሰነድ ላይ ብቻ ለመተማመን ይገደዳል። በረጅሙ ቁጥር ውስጥ 10ኛው ምልክት የሞዴሉን ዘመን ይናገራል፦ «ዲ» 1983፣ «ኢ» 1984፣ «ኤች» 1987፣ «ኬ» 1989 ነው። የ1986 መኪና «የ1987» ተብሎ መሸጡ ቀላል ስህተት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በ1987 ካምቢዮው ስለተለወጠ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው።

ከፊት ክዳኑ ሥርና በአገልግሎት መመዝገቢያ ደብተሩ ውስጥ ደግሞ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የቀለም ኮድና ተጨማሪ ዕቃዎች የሚዘረዝር ትንሽ ወረቀት አለ። ሁለቱ እርስ በርሳቸውና ከመኪናው ጋር መስማማት ይኖርባቸዋል። ለምሳሌ ሰፊ መከለያና ትልቅ የኋላ ክንፍ ያለው፣ ቱርቦ የሚመስል ካሬራ ሲቀርብልዎ በዝርዝሩ ላይ «ኤም 491» የሚለውን ኮድ ይፈልጉ። ካለ ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ነውና ዋጋው ይጨምራል፤ ከሌለ ግን በኋላ በባትላሜራ የተስፋፋ መኪና ነው፣ ዋጋውም ካልተነካ ተራ ካሬራ በታች ይወርዳል። የማስመሰል ሥራ በዚህ መኪና ዙሪያ የቆየ ልማድ ነው። በ1973 የወጣው ካሬራ አርኤስ 2.7 የተመረተው 1,580 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የሱን ቅርጽ ለብሰው የሚዞሩ ተራ 911ዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ባለቤቶቻቸው ቅጂ መሆኑን እስከተናገሩ ድረስ ነውር የለበትም።

በኮንታኪሎሜትሩ ላይ የሚነበበውን አኃዝ ያለ ማስረጃ አይመኑ። በነዚህ መኪኖች ውስጥ ቆጣሪውን የሚያዞሩት የፕላስቲክ ጥርሶች በዕድሜ ብዛት እየተሰበሩ ቆጣሪው ይቆማል፤ ባለቤቱም ለዓመታት ሳያስጠግነው ይነዳል። በአሜሪካ ሕግም የነዚህ ዘመን መኪኖች ሲሸጡ ሻጩ የተነዱበትን ርቀት እንዲያረጋግጥ ስለማይገደድ የባለቤትነት ወረቀቱ አይረዳም። የሚረዳው የጋራዥ ደረሰኝ ነው። ቀንና ማይል የተጻፈባቸውን ደረሰኞች በቅደም ተከተል ደርድሮ ቁጥሩ በየዓመቱ በምን ያህል እንዳደገ መመልከት፣ የተቋረጠበት ወይም ወደ ኋላ የተመለሰበት ቦታ ካለም መጠየቅ ነው። ለ40 ዓመታት ሙሉ ደረሰኝ ያለው 150,000 ማይል የተነዳ መኪና፣ ምንም ወረቀት ከሌለው «60,000 ማይል ብቻ» ከሚባለው መኪና ይልቅ እኔን ያሳምነኛል።

ሁለት ጉዳዮች ይቀራሉ። አንደኛው የባለቤትነት ወረቀቱ ንጹሕ መሆኑ ነው፤ በአደጋ ምክንያት ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጪ ብሎት በኋላ የተጠገነ መኪና፣ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበት መኪና፣ ይህ በወረቀቱ ላይ መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው በ1980ዎቹ ከአውሮፓ በግለሰቦች አማካይነት ወደ አሜሪካ የገቡትን ይመለከታል። የአውሮፓው ካሬራ 3.2 ሞተር 231 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካዎቹ 207 ብቻ ስለነበሩ፣ እነዚህ መኪኖች ዛሬ ተፈላጊ ሆነዋል፤ ሆኖም ያን ጊዜ የአሜሪካን የደኅንነትና የጭስ ደንብ እንዲያሟሉ መደረጋቸውን የሚያሳይ ሰነድ አብሮ መኖር አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ በዚያ ግዛት ከጭስ ምርመራ ነጻ የሆኑት የ1975ና ከዚያ በፊት የነበሩ መኪኖች ብቻ መሆናቸውን ሊያውቅ ይገባል፤ የጭስ ማጣሪያው ወጥቶ በቀላል ማርሚታ የተተካ ኤስ ሲ እዚያ ሰሌዳ ሊያገኝ አይችልም።

ላሜራው

ፖርሽ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የ911ን አካል በሙሉ በዚንክ ከተነከረ ብረት መሥራት በመጀመሩ፣ ኤስ ሲና ካሬራ ከቀደሙት ይልቅ ዝገትን እጅግ ይቋቋማሉ። ሻጮች ይህንን ያውቃሉና «ይህ መኪና አይዝግም» ይላሉ። ዚንኩ የሚከላከለው ግን እስካልተነካ ድረስ ነው። በአደጋ ጊዜ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ፣ የተበየደ ወይም በሞረድ የተላገ ቦታ ሁሉ መከላከያውን አጥቷል፤ ዝገት በነዚህ መኪኖች ላይ ሲታይም ብዙውን ጊዜ የቀድሞ አደጋ ምስክር ሆኖ ነው የሚታየው።

ምርመራው በቀን ብርሃን፣ መኪናው ደረቅ ሆኖ ይካሄድ። የዝናብ ወይም የእጥበት ውኃ በቀለሙ ላይ ካለ ሁሉም መኪና ያምራል። በመጀመሪያ ራቅ ብሎ ከፊትና ከኋላ በመቆም በክዳኖች፣ በበሮችና በመከለያዎች መካከል ያሉት ክፍተቶች ወጥ መሆናቸውን መመልከት ነው፤ በአንድ በኩል ጠባብ በሌላው ሰፊ ከሆነ ያ ጎን ተመትቷል ወይም በሩ ተቀይሯል። ቀጥሎ የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ይውሰዱ። ይህ ትንሽ መሣሪያ በመቶ ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ከመካኒኩ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ቢኖር እሱ ነው። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል። ወደ 250 ወይም 300 ከወጣ ያ ክፍል እንደገና ተቀብቷል፤ ከ500 በላይ ከሄደ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ እንዳለ መጠርጠር ይገባል። የፊትና የኋላ ፓራውልቶቹ አሉሚኒየም ስለሆኑ ማግኔት አይይዛቸውም፣ ብረት ብቻ የሚለካ መሣሪያም እነሱ ላይ አይሠራምና በዚያ አይደናገጡ።

እንደገና መቀባት በራሱ ኃጢአት አይደለም። 40 ዓመት በመንገድ ላይ የኖረ መኪና አፍንጫው በጠጠር ተመቶ መቀባቱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው የትኛው ክፍል፣ ለምን እና በምን ጥራት ተቀባ የሚለው ነው። የፊት ክዳኑ ብቻ የተቀባ መኪና ዋጋው ብዙም አይነካም። ከሾፌሩ በር እስከ ኋላ መከለያ ድረስ በአንድ ጎን ብቻ የተቀባ ግን ከጎን ተገጭቷል። ከሁሉ ይበልጥ ዋጋን የሚጎዳው የቀለም ለውጥ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የተወለደ መኪና ቀይ ሲቀባ፣ በቀይ ውበቱ የሚደሰት ገዢ ቢገኝም፣ አዋቂዎቹ ግን በክዳኑ ሥርና በምንጣፉ ሥር የቀረውን ቡናማ አይተው ዋጋውን ይቆርጣሉ።

ዝገት የሚፈለግባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የፊት ክዳኑን ከፍተው ምንጣፉን ያንሡና ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል ይመልከቱ፤ አሲድ ያንጠባጠበበት ቦታ ዚንክም አያድነውም። እዚያው የነዳጅ ሰርባቶዮው ዙሪያ ያለው ላሜራ እጥፋትና ጭረት ከታየበት ከፊት የመገጨት ምልክት ነው፤ የፋብሪካ የነጥብ ብየዳ እኩል በእኩል ተራርቆ የተደረደረ ሲሆን፣ በእጅ የተሠራው ግን ያን ሥርዓት አይጠብቅም። ከዚያ በሮቹን ከፍቶ የበሩ መቆለፊያ የሚገባበትን ምሰሶ ከሥር መፈተሽ ነው። በነዚህ ትውልዶች ላይ ዝገት ቀድሞ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሲሆን፣ በቀለሙ ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ይታያል፤ ጣት ሲጫነው ከሰመጠ ከውስጥ በልቶ ጨርሷል። የፊትና የኋላ መስታወት ጎማ ጠርዝም እንዲሁ ውኃ ስለሚይዝ ይፈተሽ። ከዚያ በኋላ መኪናው በሊፍት ላይ ወጥቶ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎችና በበሮቹ ሥር ያሉት ረጃጅም ምሰሶዎች በባትሪ መብራት ይመርመሩ። ከሥር ያለው ጥቁር መከላከያ ቅብ አዲስና ወፍራም ሆኖ ከታየ፣ ማን እንደቀባውና ምን እንደሸፈነበት ሻጩ ሊያስረዳ ይገባል፤ ቆሻሻና ያረጀ ሥር ሁልጊዜ ከተሸለመ ሥር ይሻላል።

ሞተሩ

ሻጩን ከመገናኘትዎ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ይጠይቁት፤ ሲደርሱም እጅዎን ከኋላ አስገብተው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲነሣ ከማርሚታው ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ አይደንግጡ። ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን የተኙ ስለሆኑ ዘይት በፒስተኖቹ አልፎ መጠራቀሙ የተፈጥሮው ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። መኪናው ከሞቀ በኋላ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቀው ሲወርዱና መልሰው ሲረግጡ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ግን የቫልቭ መምሪያዎቹ አልቀዋል፤ ይህ በተለይ በካሬራ 3.2 ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ቴስታታዎቹን የሚያስወርድ ሥራ ነው።

የዘይት መጠን የሚለካው ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ሞቆ፣ በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ እየሠራ ሳለ ነው፤ ዘይቱ በሞተሩ ሥር ሳይሆን በተለየ ጋን ውስጥ ስለሚቀመጥ ጠፍቶ ሲለካ ሐሰተኛ ንባብ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ሻጭ መኪናውን እንዴት እንደያዘው ግምት መውሰድ ይቻላል። ጥቂት የዘይት መንጠባጠብ በሁሉም ላይ አለ ማለት ይቻላል፤ ይልቅስ አንዲት ጠብታ የማይታይበት፣ እንደ ሳህን ያብረቀረቀ ሞተር ትናንት የታጠበ እንዳይሆን ያሠጋል።

በኤስ ሲ ላይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ቴስታታዎቹን ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቀው የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። የታችኛው ረድፍ ዲላቫር ከሚባል ልዩ ቅይጥ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ በዕድሜና በእርጥበት ይሰበራል። የተሰበረ መኖሩ የሚታወቀው የታችኞቹ የቫልቭ ክዳኖች ሲከፈቱ ነው፤ አንዳንዴ ብሎኑ ከነዳዶው ክዳኑ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ስለዚህ የምርመራ ጋራዡ እነዚህን ክዳኖች እንዲከፍት በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ ካልተጠየቀ አይከፍትም። ሁለተኛው የካም ሰንሰለቶቹን የሚወጥሩት መሣሪያዎች ናቸው። እስከ 1983 የነበሩት ሲያልቁ ሰንሰለቱ ይላላና ሞተሩን እስከማውደም ይደርሳል፤ ፖርሽ ከ1984 ካሬራ ጀምሮ በሞተሩ ዘይት ግፊት የሚሠሩትን አስገብቷል፣ ለኤስ ሲም እነዚሁ ሊገጠሙለት ይችላሉ። መገጠማቸው በደረሰኝ ከተረጋገጠ ለመኪናው ትልቅ ነጥብ ነው። ሦስተኛው በሞተሩ አናት ላይ ያለው የፕላስቲክ አየር ሣጥን ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያስነጥስ ይፈነዳል። ይህንን የሚከላከል ርካሽ የግፊት ማስተንፈሻ ክዳን ስላለ፣ ተገጥሞለት እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ካሬራ 3.2 በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የቦሽ የነዳጅ አሰጣጥ ስላለው የአየር ሣጥኑ ችግር የለበትም፤ በአንጻሩ የነዳጅ ፖምፑን የሚያዝዘው ትንሽ ሪሌይ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሲቃጠል ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ዋጋው ትንሽ፣ መቀየሪያው ቀላል ስለሆነ ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ትርፍ ሪሌይ በመኪናው ውስጥ ይይዛሉ።

የሞተሩን ውስጣዊ ጤንነት በቁጥር የሚነግረን የአየር ማፍሰስ ሙከራ ነው። ካንዴላው ወጥቶ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ከገባው ውስጥ ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ ይለካል። ከ10 በመቶ በታች ጥሩ ነው፤ ከ20 በላይ አሳሳቢ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያስተምረው ግን አየሩ የሚያመልጥበት መንገድ ነው፤ በማርሚታው በኩል ከተሰማ ቫልቩ፣ በዘይት ጋኑ በኩል ከተሰማ የፒስተኑ ፋሻ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ መሆናቸውም ሊታይ ይገባል፤ አምስቱ 6 በመቶ ሆነው አንዱ 25 ከሆነ አማካዩ ማንንም አያጽናናም። ይህ ሥራ ገዢው በመረጠው፣ በአየር የሚቀዘቅዙ ፖርሾችን በሚያውቅ ጋራዥ ይሠራ፤ የሻጩ ወዳጅ የሆነ መካኒክ የሚሰጠው ምስክርነት አይበቃም። ወጪው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሻጩ ምርመራውን ከከለከለ ምክንያቱን መከራከር አያስፈልግም፤ አመስግኖ መሄድ ነው።

ካምቢዮውና መንገዱ

እስከ 1986 ድረስ ያሉት መኪኖች 915 የተባለውን ካምቢዮ፣ ከ1987 እስከ 1989 ያሉት ደግሞ ጂ 50 የተባለውን ይዘዋል። 915 ቀዝቃዛ ሲሆን ይከብዳልና ከሞቀ በኋላ ይፈረድበት። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ በዝግታ ሲገባ የሚጮህ ወይም የሚፋጭ ከሆነ ማስተካከያ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስም ይሞከር፤ የደከመ ካምቢዮ የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። በኤስ ሲ ላይ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐሉ ጎማ ነበረው፤ ያ ጎማ ሲበጣጠስ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ይላል። ብዙዎቹ በኋላ በብረት ስፕሪንግ በተሠራው ተተክተዋል፤ ደረሰኙን መጠየቅ ነው።

ሲነዱ ማሞቂያውን ይክፈቱ። ለክፍሉ የሚገባው ሙቀት የሚመጣው የሞተሩን የጭስ ቧንቧዎች ከሸፈኑ ሣጥኖች ስለሆነ፣ እነሱ ከዛጉ የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህም ከገንዘቡ ሌላ የጤና ጉዳይ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ተይዞ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡ፣ ፍሬን ሲያዝ መንቀጥቀጡ፣ እነዚህ ለየትኛውም መኪና የሚጠየቁ ስለሆኑ አላስረዝማቸውም። የጎማዎቹን ጎን ግን ያንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ 15 ዓመት ያለፈው ጎማ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ እሱን ይዞ በፍጥነት መሄድ አይገባም።

ስለ ውስጡ ትንሽ ይበቃል። የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፣ የተቀደደ የወንበር ቆዳ፣ የደበዘዘ ምንጣፍ ሁሉም ይታያሉ፣ ሁሉም ይተካሉ። በቀበቶዎቹ ላይ የተሰፋው የተመረቱበት ቀን ከመኪናው ዕድሜ ጋር መስማማቱን ማየት ግን የመኪናውን ታሪክ ለማጣራት ይረዳል።

ዋጋውን ማውጣት

ዋጋ የሚወጣው በመጀመሪያ መኪናውን በደረጃ በማስቀመጥ ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት የሃገርቲ የዋጋ መመሪያ ከ1 እስከ 4 የሚደርስ ሚዛን ይጠቀማል። 1 ለውድድር የሚቀርብ፣ በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች የሚመደብ ነው፤ 2 እጅግ ጥሩ፣ ጉድለቱን አዋቂ ብቻ የሚያገኘው ነው፤ 3 ጥሩ ሆኖ በየጊዜው የሚነዳ፣ ጥቃቅን እንከኖቹ የሚታዩ ነው፤ 4 ይሄዳል፣ ነገር ግን ጉድለቱ ለማንም ግልጽ ነው። ሻጮች ሁሉ መኪናቸውን 2 ይሉታል። በገበያ ላይ ከሚገኙት አብዛኞቹ ግን 3 ናቸው፤ ስለዚህ ገዢው መኪናውን 3 ነው ብሎ ጀምሮ ሻጩ ወደ 2 እንዲያወጣው ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የተሸጡ መኪኖችን ማነጻጸር ነው። በማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። እንደ ብሪንግ ኤ ትሬይለር ያሉ የኢንተርኔት ጨረታዎች የተሸጡበትን ዋጋ ለሁሉም ክፍት ስለሚያደርጉ፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ አካልና ተቀራራቢ ርቀት ያላቸውን ባለፉት 12 ወራት የተሸጡ መኪኖች ሰብስቦ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አውጥቶ መካከሉን መያዝ ይቻላል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሳይሸጥ የቀረ መኪና ላይ የቀረበ የመጨረሻ ዋጋ የሽያጭ ዋጋ አይደለም፤ ገዢው ለጨረታ አዘጋጁ የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያም መደመር አለበት። በቨርጂኒያ የሚመዘግብ ሰው በዚህ ላይ 4.15 በመቶ የመኪና ሽያጭ ታክስ ይጨምር።

ባለፉት ዓመታት በአሜሪካ ጥሩ የሚነዳ ኤስ ሲ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ ሲሸጥ፣ የ1987–1989 ካሬራ ከዚያ በጉልህ ከፍ ብሏል። ከ2012 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአየር የሚቀዘቅዙ ፖርሾች ዋጋ በፍጥነት ወጥቶ ኋላ ተረጋግቷል። ያን ጭማሪ አይቶ ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ፣ ያ ጊዜ ያለፈ ይመስለኛል። የአካሉ ዓይነትም ዋጋ ይለያያል፤ የተዘጋ ጣሪያ ያለው ኩፔ፣ ተነቃይ ጣሪያ ካለው «ታርጋ» ከተባለው ሞዴልና የሸራ ጣሪያ ካለው ካብሪዮሌት በአብዛኛው ይበልጣል። በ1989 ወደ 2,100 የሚጠጋ ቁጥር ብቻ የተመረተው ስፒድስተር ግን ከዚህ ሒሳብ ውጪ ነው፤ እሱ በራሱ ገበያ ይሸጣል።

ከዚያ መቀነስ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ተመሳሳይ ካሬራዎች በ75 ሺህ ዶላር ሲሸጡ እናስብ። በምርመራው ላይ የቫልቭ መምሪያዎቹ አልቀው ተገኝተው ጋራዡ 16 ሺህ፣ ለጎማ 1,200፣ ለፍሪሲዮን 3 ሺህ ዶላር ገመተ። ተገቢው ዋጋ ከ75 ሺህ ላይ 20 ሺህ 200 ተቀንሶ፣ ማለትም ወደ 55 ሺህ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚያም ጥቂት ሺህ ዝቅ እላለሁ፤ ምክንያቱም ሞተር ሲፈታ የሚገኘው ችግር ከታሰበው በላይ እንጂ በታች የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መኪናው ጋራዥ የሚቆይባቸው ወራትም ለገዢው ወጪ ናቸው። በተቃራኒው ሻጩ ባለፈው ዓመት 25 ሺህ ዶላር አውጥቶ ሞተሩን ካሳደሰ፣ የመኪናው ዋጋ በ25 ሺህ አይጨምርም። የታደሰ ሞተር መኪናውን በደረጃው ላይኛ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ከደረጃው አያወጣውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የከፈለለትን ዕድሳት የሚገዛ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይገበያል።

መኪናውን ገዝቶ ኋላ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን ከሒሳቡ ውስጥ ያስገባ። ከአውሮፓ ወይም ከጃፓን ወደ አሜሪካ ማስመጣት ግን ለእነዚህ ሞዴሎች ክፍት ነው፤ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከፌዴራሉ የደኅንነት መስፈርት ነጻ ይሆናል።

ዋጋ ላይ ከተደረሰ ቀብድ ሲከፈል መኪናው በምርመራው ካልተስማማ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቀሪው የሚከፈለውም የባለቤትነት ወረቀቱ በእጅ ሲገባ ነው። ኢንሹራንሱ ከመረከብ በፊት ይዘጋጅ። ተራ ኢንሹራንስ አሮጌ መኪናን በዕድሜው ስለሚተምነው አደጋ ቢደርስ የሚከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም፤ የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ግን አስቀድሞ ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት ዋጋ ይዋዋላል፤ በዓመት የሚነዳውን ርቀትና የሚቆምበትን ቦታም ይገድባል። ለዚያ ስምምነት የሚቀርቡት ማስረጃዎች የምርመራው ወረቀት፣ የቀለም ውፍረቱ ቁጥሮች፣ የደረሰኞቹ ቅጂና የተነጻጸሩት የሽያጭ ዋጋዎች ስለሆኑ፣ በአንድ መዝገብ ተሰብስበው ይቀመጡ፤ ገበያው ሲለወጥም የስምምነቱ ዋጋ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ይጠየቅ።